የወገዳው ባቡር ስድስት ደቂቃ ዘገየ

እኛ አገር አውቶቡስ የሚነሣው ሲሞላ ነው። ይህን የምነግራችሁ አታውቁትም ብዬ አይደለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ውስጥ በስምሪት ሠራተኝነት የቆየ ሰው ወሬ ሲጀምር ከሌላ ከየትም መጀመር ስለማይሆንለት ነው። «ስንት ሰዓት ይነሣል?» ብሎ የሚጠይቀኝ መንገደኛ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ከተማ ከርሞ ጠባዩ የተበላሸ ነው። የኛ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ሰው ይቀረዋል?» ብሎ ነው። ሰዓቱ የእግዜር ነው፤ የኛ ወንበሩ ነው። በዚህ ሥርዓት ጎልምሼ፣ በዚሁ ሥርዓት ጡረታ ወጣሁ። ጡረታዬም ራሱ የወጣው ዕድሜዬ ደርሶ ሳይሆን ፋይሌ ሞልቶ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለውን ሰው የባቡር ጣቢያ ኃላፊ አድርጎ የሾመው ጋሽ ደምሴ ነው።

ባቡር ስላችሁ አትደንግጡ። እስቴ ባቡር አልገባም። የገባው ጋሽ ደምሴ ቤት ነው።

ጋሽ ደምሴ የእስቴ ልጅ ነው። በልጅነቱ ከቤት ጠፍቶ ድሬዳዋ ገባ፣ ምድር ባቡር ተቀጠረ፣ ከጣቢያ ጠራጊነት ተነሥቶ የባቡሮችን መውጣትና መግባት በስልክ የሚያዝ ተቆጣጣሪ እስከ መሆን ደረሰ። ካረጀ በኋላ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከነባለቤቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ተወለደበት ተመለሰ። ከሻንጣዎቹ አንዱ ሁለት ሰው የሚያሸክም ከባድ ስለነበር ጎረቤት ሁሉ «ወርቅ ነው» ብሎ አማ። ሲከፈት ባቡር ሆኖ ተገኘ፤ ጎታቹ ከመዳፍ ትንሽ ይረዝማል፣ ፉርጎው የክብሪት ቀፎ ያህላል። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ «አንተ ታውቅበታለህ» ብሎ የሰጠው ነው አሉ።

ያውቅበታልም። የእህል ቤቱን አስለቅቆ የባሕር ዛፍ ጣውላ ረበረበበት። ጭቃ በጭድ አቡክቶ የጉናን ተራራ ሠራ። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ የጉናን እግር እየታከከ እስቴ የሚደርስ፣ ከእስቴ ደግሞ ቁልቁል ወገዳ የሚወርድ ሀዲድ ዘረጋ። እስቴ ላይ ሲደርስ ቦታ አለቀበት። ሌላ ሰው ቢሆን ወገዳን ይተዋት ነበር፤ መቼም ወገዳ መተውን ለምዳዋለች። እሱ ግን ግድግዳውን በስቶ ሀዲዱን ወደ መኝታ ቤቱ አሳለፈው። ባለቤቱ እስከ ዛሬ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «የእውነቱ ባቡር ቢመጣ እንኳ ቤት የሚያፈርሰው አስጠንቅቆ ነው» ትላለች። ወገዳ ከአልጋዋ ግርጌ ናት።

ይህን ያየ ሁሉ «አሻንጉሊት» ይለዋል። ጋሽ ደምሴ በዚህ ቃል እንደሚቆጣ በምንም አይቆጣም። የሱ ባቡር ልጅ እንደሚያጫውቱበት ዝም ብሎ አይዞርም። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰው ይጠራና ለያንዳንዱ የሥራ ድርሻ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ እንደ እውነተኛ መስመር ይሠራል። የጉዞ ሰሌዳ አለው። ለያንዳንዱ ፉርጎ ካርድ አለው፦ ይሄ ባዶውን ወገዳ ይወርዳል፣ ባቄላ ጭኖ ይመለሳል፤ ያ ማዳበሪያ ይዞ እስቴ ይቀራል። ባቄላውም ማዳበሪያውም ካርዱ ላይ ብቻ ነው ያለው። ቢሆንም ማዳበሪያው ዝናብ ሳይጥል ካልደረሰ ጋሽ ደምሴ ይጮኻል። ግድግዳው ላይ የሰቀለው ሰዓት ከኛ ሰዓት አራት እጥፍ ይሮጣል፤ የሱ አንድ ሰዓት በኛ ሩብ ሰዓት ነው። መብራት ሲጠፋ በመኪና ባትሪ እንቀጥላለን። ሰዓቱ ሲደርስ ባቡሩ ይነሣል። ሰው ሞላ አልሞላ የለም። ባዶውንም ቢሆን ይነሣል! የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰው ሳይሳፈርበት የሄደ ባቡር ሳይ ሆዴ ባባ።

ሥራ የተሰጠን ሦስት ነበርን። እኔ የእስቴ ጣቢያ ኃላፊ። ሲስተር እናኑ፣ ሠላሳ ዓመት መርፌ ወግታ እጇ የማይንቀጠቀጥ ጡረተኛ ነርስ፣ መቆጣጠሪያውን ይዛ ከሀዲዱ ጋር እየተራመደች የወገዳውን ባቡር የምትነዳ። ሦስተኛው የወገዳ ጣቢያ ኃላፊ ነው፤ መኝታ ቤት ውስጥ ስለሚቀመጥ ማን እንደሆነ አላየሁም፣ አልጠየቅሁምም።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉልኝ። ከእስቴ ወገዳ ያለው ሀዲድ አንድ ነው። ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ከገባበት አለቀ። ስለዚህ ባቡር ከመልቀቅ በፊት የወዲያኛውን ጣቢያ በስልክ ማስፈቀድ ግዴታ ነው። ጋሽ ደምሴ ለዚህ ብሎ ሁለት አሮጌ ስልክ በሽቦ አገናኝቷል። ጥያቄው የተወሰነ፣ መልሱ የተወሰነ። ስም መጥራት፣ ሰላምታ፣ «እንዴት ዋላችሁ» ማለት ክልክል ነው።

እጀታውን አነሣሁና «ወገዳ፣ እስቴ ነኝ። መስመሩ ነጻ ነው?» አልሁ።

ከወዲያ ማዶ «ነጻ ነው» የሚል ድምፅ መጣ።

ያንን ድምፅ የማያውቅ የከተማችን ሰው የለም። ማሕሌት ላይ ሲነሣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ ከፍ የሚያደርገው የመሪጌታ ልሳነወርቅ ድምፅ ነው። እኔን ሲያናግረኝ ከሰማሁት ግን አራት ዓመት ሆኖታል።

መሪጌታ ልሳነወርቅ ድጓ የተማሩት ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ነው። ያስተማሯቸው የኔታ የሞቱ ዕለት መርዶው የደረሳቸው ጎሕ ሳይቀድ ነበር። ቀብሩ በዚያው ቀን ነው። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደውን የመጀመሪያውን አውቶቡስ ካገኙ፣ ከዚያ የጋይንቱን ይዘው፣ የቀረውን በእግር ሮጠው ይደርሳሉ። መናኸሪያ ሲመጡ ስምንት ሰው ይቀረን ነበር። እጃቸው ባዶ ነው፤ በድንጋጤ መቋሚያቸውን ረስተው ወጥተዋል። የመምህራቸው ቀብር ላይ ያለ መቋሚያ ሊቆሙ ሆነ! «ሄደው ይዘው ይምጡ መሪጌታ፣ ወንበርዎን እኔ እጠብቃለሁ» አልሁ። ሄዱ። እግራቸው ከመውጣቱ ስምንት ሰርገኛ ባንድ ላይ ግር ብሎ ገባ። ስምንተኛው የመሪጌታ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ያንባርቃል። ሰውየውን «ተነሣ» ብለው ጠብ ነው፤ ሰርገኛ ደግሞ ገና ጠላውን ሳይቀምስ ነው የሚሰክረው። በጠዋት ጠብ ደከመኝ። የአውቶቡሱን ጎን ሁለት ጊዜ መታሁና «ሂድ!» አልሁ።

መሪጌታ የደረሱት ሰው ከቀብር ሲመለስ ነው። አፋቸውን ለከፈተላቸው መምህር አንዲት ቃል ሳያዜሙ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ አለፉኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ፣ ለቅሶ ላይ፣ እንደ ግንድ አለፉኝ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። ሦስቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹ «መሪጌታ እየሮጡ ነበር ይላሉ፤ አይተሃቸዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ሦስቱንም ጊዜ «አላየሁም፤ ሞላ፣ ሄደ፤ ሥርዓቱ ነው» አልሁ። መሪጌታም በሰሙ ቁጥር ነጠላቸውን አጣፍተው ይነሣሉ። ጠብ ሽሽት ብዬ የአራት ዓመት ጠብ ይዤ ገባሁ።

እና የዚያን እሑድ፣ ድምፃቸውን ስሰማ፣ ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ። ግን እጄ ላይ ባቡር አለ። ሲስተር እናኑ ዓይኗን አፍጥጣ ትጠብቀኛለች። «ልቀቂ» አልኋት፤ ባቡሩ ወደ ግድግዳው ቀዳዳ ገባ፣ ከመሪጌታ ዘንድ ደረሰ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስልኩ ጮኸ። «እስቴ፣ ወገዳ ነኝ። መስመሩ ነጻ ነው?» «ነጻ ነው።»

እንዲህ እያልን ከጥቅምት እስከ ሰኔ ሠራን። አንዲት ቃል አልጨመርንም። ሥራው ሲያልቅ እሳቸው ከመኝታ ቤቱ በጓሮ በር ይወጣሉ፣ እኔ በፊት ለፊቱ። መንገድ ላይ ከተገናኘን እንደ ድሮው እንተላለፋለን። ግን አልዋሻችሁም፣ እሑድ ሲደርስ ደስ ይለኝ ጀመር። ሰው ለሰው «ነጻ ነው» መባባል፣ ለባቡር ቢሆንም፣ አንድ ነገር አለው። ሲስተር እናኑ ደግሞ መሪጌታ ለምን እንደመጡ ስትጠይቃቸው «ሰዓቱን የሚያከብር ነገር አለ ሲሉኝ ላይ ብዬ ነው» አሏት ብላ ነገረችኝ። ለማን እንደተባለ ገባኝ። ለቀባሪው አረዱት።

የመንገደኛ ካርድ እንዲኖር ያሳሰብሁት እኔ ነኝ። «ጋሽ ደምሴ፣ ባቄላው ካርድ ኖሮት ሰው እንዴት አይኖረው? ሰውም እኮ ጉዳይ አለው» አልሁት። ሐሳቡ ማረከው። ጽሕፈቱን የወገዳው ኃላፊ ይችሉበታል ተባለና ካርዶቹ በመሪጌታ ቁም ጽሕፈት ተጽፈው መጡ፤ ለባቡር ሳይሆን ለመቅደስ የተዘጋጁ ይመስላሉ። ሁለት ነጋዴ። አንዲት ነፍሰ ጡር ወደ ሆስፒታል። ሦስት የአብነት ተማሪ። ካርዶቹ ይበወዛሉ፤ ለያንዳንዱ ባቡር በዕጣ ይወጣሉ።

ሐምሌ ውስጥ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነው የምሰማው። በሰሌዳው መሠረት የወገዳው ባቡር ሦስት ሰዓት ከአሥራ ስምንት እስቴ ይገባል፤ መንገደኞቹን ያወርዳል፤ እነሱን ይዞ ሦስት ከሃያ ላይ ሌላው ባቡር ወደ ደብረ ታቦር ይነሣል። የደብረ ታቦሩን የሚነዳው ጋሽ ደምሴ ራሱ ነው። አጠገቤ ቆሟል፤ አውራ ጣቱ መቆጣጠሪያው ላይ፣ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ። የወገዳው ባቡር የለም። ግድግዳው ውስጥ አንድ ፉርጎ ከሀዲድ ወጥቶ ሲስተር እናኑ በሹራብ መርፌ ልታወጣው ትታገላለች።

«ሦስት ከሃያ ሊሆን ነው» አለ ጋሽ ደምሴ። «ልቀቀኝ።»

ስልኩ ጮኸ።

«እስቴ፣ ወገዳ ነኝ። ባቡሬ ዘግይቷል። ለደብረ ታቦሩ የሚተላለፍ አንድ መንገደኛ አለኝ። እንዲቆይልኝ እጠይቃለሁ።»

ደንቡ አለ፤ ጣቢያ ከጠየቀ ባቡር እስከ ስድስት ደቂቃ መቆየት ይችላል። የሚወስነው ኃላፊው ነው፤ ከመወሰኑ በፊትም የመንገደኛውን ጉዳይ ይጠይቃል።

«የመንገደኛው ጉዳይ ምንድን ነው?» አልሁ።

መሪጌታ የወጣላቸውን ካርድ እያዩት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ከሁለት ወር በፊት ጽፈውት፣ በየእሑዱ ሲበወዝ ከርሞ፣ የዚያን ቀን በዕጣ የወጣላቸው ነው።

«ቀብር» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ክንዴን ነካ አደረገኝ። «ሦስት ከሃያ! ልቀቀኝ እንጂ!»

«ቁም» አልሁት። በስልኩም «ይቆያል» አልሁ። እዚህ ላይ እጀታውን መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም። እሳቸውም አልዘጉም። ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«መሪጌታ» አልሁ። ስም መጥራት ክልክል ነው፤ ጠራሁ። «ያን ዕለት አይቼዎት ነበር። በወፍጮ ቤቱ በኩል መቋሚያዎን ይዘው ሲሮጡ አይቼዎት ነበር። አይቼዎት ነው ሂድ ያልሁት። ሽማግሌዎቹን ዋሽቻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«ተያይተናላ፣ አያልነህ። መቋሚያዬን ከፍ አድርጌ ስጠራህ ዓይንህ ዓይኔ ላይ ነበር። ከዚያ ፊትህን አዞርህ። መቅረቴንስ ከእግዜር ትእዛዝ ቆጥሬው ነበር። አንተ ‹አላየሁም› ስትል ግን እኔ በሽማግሌ ፊት ዋሾ ሆንሁ። ሦስት ጊዜ። እሱ ነው ያመመኝ።»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ጥፋቴን ወንበሩ ላይ ስፈልገው ኖሬ፣ ጥፋቱ ለካ ሌላ ቦታ ተቀምጧል።

«ይቅር ይበሉኝ፣ መሪጌታ።»

«ይቅር ለእግዜር» አሉ።

«ወጣልኝ! ወጣልኝ!» ብላ ጮኸች ሲስተር እናኑ ከወዲያ። «መሪጌታ፣ ልሂድ ወይስ ልደር?»

«እስቴ፣ ወገዳ ነኝ» አሉ መሪጌታ። «መስመሩ ነጻ ነው?»

«ነጻ ነው።»

ባቡሩ ከግድግዳው ቀዳዳ ብቅ አለ። የመንገደኛው ፉርጎ ባዶ ቆርቆሮ መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ቢሆንም ብድግ ብዬ ቆሜ ተቀበልሁት። ከዚያ የደብረ ታቦሩ ተነሣ። ሁሉም ነገር ያለቀው በጋሽ ደምሴ ሰዓት ስድስት ደቂቃ፣ በእናንተ ሰዓት አንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ነው።

ወዲያው ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ብነሣ ጋሽ ደምሴ «ወዴት? ሥራ ላይ ነህ!» ብሎ አስቀመጠኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ባቄላና ገብስ ስናመላልስ ዋልን። ሲያልቅ መኝታ ቤት ገባሁና ጎንበስ አልሁ። መሪጌታ ጉልበታቸውን ሳልነካ ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ። ሲስተር እናኑ ማልቀሷን አይተን ስንጠይቃት «የግድግዳው አቧራ ነው» አለች። በሐምሌ!

መስከረም ሲጠባ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ አብረን ቤተ ልሔም ወረድን። መናኸሪያ ስንደርስ ሰባት ሰው ይቀር ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠን አንድ ሰዓት ጠበቅን። እኔ በሙያዬ አፈርሁ፤ ወርጄ የተካኝን ልጅ «ልቀቀው በቃ» ልለው ስነሣ መሪጌታ እጅጌዬን ያዙ። «ተው ይሙላ» አሉ። «የሚሮጥ ሰው ይኖራል።» የየኔታ መቃብር ላይ ደርሰው መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዜሙትን እኔ ልገልጽላችሁ አልችልም፤ ድጓ አልተማርሁም። ባርኔጣቸውን ይዤላቸው ቆምሁ።

ወሬው እስቴ ከኛ ቀድሞ ገባ። ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ያልሆነላቸው ሽማግሌዎች «ደምሴ አስታረቃቸው» ሲባል ሰምተው፣ እሱን ለመመረቅ እሑድ ከሰዓት ቤቱ መጡ። ትልቁ ሽማግሌ፣ ዘጠና ሊደርሱ ምንም ያልቀራቸው፣ ከጉና አጠገብ ወንበር ተሰጥቷቸው «ዕድሜ ይስጥህ ልጄ፤ በምን ጥበብ አደረግኸው?» አሉት።

ጋሽ ደምሴ ግራ ገባው። ሰውየው ወሬ ባቡር ካልጫነው አይሰማም። «ተጣልተው ነበር እንዴ?» ብሎ ዞሮ እኛን አየን። እኛ መሬት መሬት አየን። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ከመደርደሪያው ትልቅ መዝገብ አወረደ፤ በየእሑዱ የዘገየ ባቡር ሁሉ የሚጻፍበት ነው። ገልጦ ለሽማግሌው አስያዛቸው። መነጽር ስለሌላቸው መሪጌታ አነበቡላቸው፦ «የወገዳው ባቡር። ስድስት ደቂቃ ዘገየ። ምክንያት፦ ከሥራ ውጭ የሆነ ወሬ በስልክ። ጥፋተኛ፦ ሁለቱም ጣቢያዎች።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል እስኪሆን ሳቁ። «አቤት! ሁለቱም! እኛ አራት ዓመት የቸገረን ይህን መጻፍ ነው» አሉ። ሌሎቹም «እውነት ነው፣ መቼም ጥፋት ካንድ ወገን ብቻ አይሆንም» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። መሪጌታ ከመዝገቡ ቀና ብለው አላዩኝም። መዋሸቴን ሁለት ወር ሙሉ ለማንም እንዳልተናገሩ ያኔ ገባኝ።

ከጋሽ ደምሴ ኪስ እስክሪብቶውን ወሰድሁ። «ሁለቱም ጣቢያዎች» የሚለውን ሰረዝሁና ከላዩ «እስቴ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ፣ ያን ዕለት ምን እንዳየሁ ካንድ እስከ አሥር ተናገርሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔው ለመጥራት አራት ዓመት ፈጀበት። ትልቁ ሽማግሌ ወደ መሪጌታ ዞሩና «እኛም ይቅር በሉን» አሉ። መሪጌታ እጅ ነሡ።

ሁሉም ሰው ዓይኑ ረጥቦ ነበር፤ ካንድ ሰው በቀር። ጋሽ ደምሴ መዝገቡን ነጥቆ በብርሃን አየው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሲሠራ በባቡር መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ አይቶ አያውቅም። በዚያው በሽማግሌዎቹ ፊት ሁለት እሑድ ከሥራ አገደኝ።

ይህን የጻፍሁላችሁም ታግጄ ነው። አሁን እሑድ ከሰዓት ነው፤ በረንዳዬ ላይ ተቀምጫለሁ፤ የደብረ ታቦሩ ባቡር ፊሽካ ከጋሽ ደምሴ ቤት እስከዚህ ይሰማል። ሁለት ደቂቃ ዘግይቷል።